ለየኔታ እግር የሠራሁት ምንጣፍ

ባለፈው ሳምንት ከሐኪም ቤት ስመለስ ደብረ ብርሃን ላይ ዝናብ ያዘኝና፣ ለመሙላት አንድ ሰው የቀረው ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ዘልዬ የምለው ለወጉ ነው፤ በእኔ ዕድሜ መኪና ውስጥ የሚገባው ተገፍቶና ተደግፎ ነው። የደረሰኝ ቦታ ከአንድ ጎልማሳ ገበሬ አጠገብ ነበር። ሰውዬው በባና ተጠቅልሏል። ያ ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ ዝናቡን ጠጥቶ ከብዷል፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ መስኮቱ ደግሞ ዝግ ነው። ሌላው ተሳፋሪ አፍንጫውን ሸፍኗል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሽታውን ሳብ ሳብ ማድረግ ጀመርኩ። ገበሬው አፍሮ "አባባ፣ ባናዬ ሸተተዎት መሰለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ" አለኝ። "ሸተተኝ እንጂ! ይልቅ ትንሽ ጠጋ በል" አልኩት። ከመሐል ሜዳ መምጣቱን ነገረኝ። ጠርጥሬ ነበር። የረጠበ የመንዝ በግ ጠጉር ጭስ ጭስም፣ ቅባት ቅባትም፣ ሣር ሣርም ይላል። የእኔም ቤት ለጥቂት ዓመታት ከጥግ እስከ ጥግ እንደዚያ ይሸት ነበር።

ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ከጠየቃችሁኝ አላውቀውም፤ የማስታውሰው ጫማውን ነው። ያኔ መሐል ሜዳ ገበያ የሚወጣው ሰው ሁሉ፣ ባላገሩም መምህሩም፣ ጭቃ ላይ ሲረግጡት ጭርቅ ጭርቅ የሚል የፕላስቲክ ጫማ ያደርግ ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ስኳሩን የሚያበዙልህ ደግሞ ሳትለምን ነው። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው አውቶቡስ ማለዳ ይነሳል፤ ያመለጠው ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ቤቱ ይመለስና ነገን ይጠብቃል፤ ጣራው ላይ ከሰው በፊት ቦታ የያዙ በጎች ይጮኻሉ። መናኸሪያው ጥግ አንድ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ይለቀዋል፤ ያንን ድምፅ ማጉያ ሳይረግም የሚያልፍ አልነበረም፤ ግን ሁላችንም ግጥሙን በቃላችን ይዘነው ቀረን። እስከ ዛሬ ፂሜን ስላጭ ሳላስበው የማንጎራጉረው ያንኑ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ እዚያው መሐል ሜዳ ጡረታ ወጥቼ፣ ባለቤቴም አርፋ፣ ብቻዬን ነበርኩ። ሥራዬ ታይፒስትነት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ የመንግሥት ደብዳቤ በጽሕፈት መኪና መትቻለሁ። ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ ጣቶቼ አልወጡም። የቤቴን የፊት ክፍል የተከራየችኝ ወይዘሮ የሺ የምትባል ልብስ ሰፊ ናት፤ የአርባ ዓመት ሴት ትሆናለች፤ ወጣትነቷን አዲስ አበባ እጅ ሥራ ስትማርና ስትሠራ አሳልፋ የተመለሰች። አንድ ቀን ስፌቷን ትታ ወደ እኔ ክፍል ብቅ አለች።

"ጋሼ ተሰማ፣ ዛሬ ደግሞ ለማን ነው የሚጻፈው?"

"ምኑ?"

"ጣትዎ ነዋ። ጠዋት ማታ ጠረጴዛውን ሲደበድቡት እኔ እዚያ ማዶ ሆኜ ስፌቱ ይጠፋብኛል። እጅዎ ሥራ ይፈልጋል።" ይህን ብላ ኪሮሽ አመጣችልኝ፤ ያቺን ጫፏ የተቆለመመ የዳንቴል መሥሪያ። ግን ዳንቴል አልነበረም ያሰበችልኝ። አሮጌ ጆንያ ቀድዳ ከአልጋ ጣውላ በተሠራ አራት ማዕዘን ላይ በሚስማር ወጠረችው። "ክሩን በግራ እጅዎ ከጆንያው ሥር ይያዙ። ኪሮሹን ከላይ ይውጉ፤ ክሩን ይንጠቁትና ትንሽ ቀለበት አድርገው ወደ ላይ ያውጡት። ከዚያ የሚቀጥለው ቀዳዳ። በቃ፣ ይኸው ነው" አለችኝ።

ይኸው ነው ያለችው ነገር ሳምንት ፈጀብኝ። አንዱን ቀለበት ሳወጣ ያለፈው ሾልኮ ይገባል። ሥራው ቋጠሮ የለውም፤ ቀለበቶቹ ተጨናንቀው እርስ በርሳቸው ነው የሚደጋገፉት፤ የክሩን ጫፍ ይዞ የጎተተ ሰው የቀኑን ልፋት ባንድ አፍታ ያወጣዋል። የመጀመሪያዋ ሥራዬ ሳህን ታህላለች፤ ክብ ትሁን ብዬ ጀምሬ ምን እንደሆነች ሳይታወቅ አለቀች፤ የየሺ ድመት እንኳን አሽትታ ጥላት ሄደች። ቢሆንም ከስንት ጊዜ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ቀን ነው። በስልሳኛው ዓመት አካባቢ አዲስ ነገር መማር ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው መንገር ያስቸግራል። ደስ አለኝ፤ እንዲያው ዝም ብሎ ደስ አለኝ።

ወሬው ሻይ ቤት ለመድረስ አልቆየም። የጡረታ ጓደኛዬ አቶ ጌጡ፣ የድሮ የግብርና ሠራተኛ፣ ገና ከበሩ ስገባ "ሙሽሪት መጣች! ዳንቴሉ አለቀ? ሠርጉ መቼ ነው?" ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። በእኛ አገር ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች፤ ኪሮሽ ይዞ በር ላይ የሚቀመጥ ባለ መነጽር ሽማግሌ ግን ታይቶ አይታወቅም። እኔም እልኸኛ ነኝ። በሚቀጥለው ቀን ኪሮሹንና ጣውላውን ይዤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጌጡ ራሱ ልቃቂቱን ይዞልኝ ክር ይለቅልኝ ነበር።

ክሩን የምገዛው በገበያ ቀን ነው። ከጓሳ፣ ከዚያ ከደጋው የሣር ምድር፣ በኩል የሚወርዱ ሴቶች የፈተሉትን የበግ ጠጉር በልቃቂት በልቃቂት አድርገው ያመጣሉ፤ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቡላው፣ ጠይሙ እንዳለ ያለ ቀለም ነው፣ በጉ እንደለበሰው። ቀይና ቢጫ ሲያምረኝ ሰልባጅ ተራ እሄዳለሁ። ላስቲክ ላይ ከተከመረው ልብስ ውስጥ የተቀደደ ሹራብ እየመረጥኩ በሦስት ብርም በአራት ብርም እገዛለሁ። ሻጩ "አባባ፣ ይኼ እኮ ብብቱ ቀዳዳ ነው" ሲለኝ "እሱማ ይሻላል፣ መፍታቱን ጀምረህልኛል" እለዋለሁ። አሁን ልጄ ቤት ያለው ምንጣፍ ከሱቅ በሜትር ተለክቶ የመጣ ነው፤ አበባው ከዓመት እስከ ዓመት አይጠወልግም፤ እግር ግን አያሞቅም።

እንግዲህ ስለ እግር ካነሳሁ ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ። ታላቅ ወንድሜ በደብራችን ቄስም መሪጌታም ነበሩ፤ ዜማና ቅኔ ያስተምሩ ነበር። በስድስት ዓመት ብቻ ቢበልጡኝም እንደ ሰዉ ሁሉ የኔታ ነው የምላቸው። ከቤቴ እስከ ደብሩ የሩብ ሰዓት መንገድ ነበር። ሆኖም የኔታ ቤቴ ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር። ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፤ "እንደምን አደርክ" "እግዚአብሔር ይመስገን" እንባባላለን፤ ከዚያ ያለፈ የለም።

ምክንያቱ አንድ ደብዳቤ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን፣ መሬት ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት ጊዜ፣ የኔታ ተማሪዎቻቸውን የሚመግቡበትን እርሻ የሚወስድ ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙን የሰጡት ሌሎች ናቸው። የመታሁት ግን እኔ ነኝ። የመንግሥት ደብዳቤ ሲጻፍ ከግርጌው የታይፒስቱ ስም በአጭሩ ይሰፍራል፤ የኔታም ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ያገኙት የእኔን ፊደላት ነው። እርሻው ሄደ፤ ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው ተበተኑ፤ የኔታም ለብዙ ዓመት ሌላ አገር ሄደው ኖሩ። የኔታ ሽማግሌ ሲልኩብኝ "እኔ ሳላነበው ነው፤ ታይፒስት ፊደል እንጂ ነገሩን አያይም" አልኩ። የኔታም መለሱ፣ "እንግዲያስ ወንድሜ ሳይሆን ጣቶቹ ናቸው የጻፉት፤ ከጣት ጋር አልታረቅም" ብለው። መንግሥት ተለውጦ፣ ተማሪዎቹም ጥቂት በጥቂት ተሰብስበው፣ የኔታም ወደ ቦታቸው ተመልሰው እንኳን የቤቴን ደጃፍ አልረገጡም።

የደብራችን ወለል ድንጋይ ነው። ድሮ የጓሳ ሣር ይጎዘጎዝበት ነበር። ጓሳ ግን የጋራ ነውና ሥርዓት አለው፤ ሲዘጋ ተዘጋ ነው፤ ሣሩ እስኪያገግም ዓመታት ይቆጠራሉ፤ ማንም አያጭድም። ያን ዓመት ተዘግቶ ነበር፤ የደብሩም ድርሻ አልቋል። አንድ እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ የኔታን አየኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው በባዶ እግራቸው ድንጋዩ ላይ ቆመዋል። ውርጭ እንደመታት ዶሮ አንዱን እግራቸውን ያነሱና ሌላው ላይ ያደርጉታል፤ ደግሞ ያንን ያነሳሉ። ዜማው ግን አልተዛነፈም። እንባዬ መጣ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሺን "ትልቅ ጆንያ የት ይገኛል?" ብዬ ጠየቅኳት።

ጆንያም ያኔ ከገበያ እየጠፋ ነበር፤ እህሉ ሁሉ በፕላስቲክ ማዳበሪያ ሆነ። አንድ እህል ነጋዴ ከመጋዘኑ ቆፍሮ ሁለት አወጣልኝ፤ የሺ በስፌት መኪናዋ አጋጠመቻቸው። ሥራውን በጥቅምት ጀምሬ በግንቦት ጨረስኩት። ዳር ዳሩን ጥቁር አደረግኩት፤ ቀጥሎ ጠይም፣ ቀጥሎ ቡላ። መሃሉን ለየኔታ ምን ላድርግላቸው ብዬ ብዙ አሰብኩ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉት ነገር አንድ ነው ብዬ መሃሉ ላይ ትልቅ መስቀል አስገባሁበት፤ መሬቱን ነጭ አድርጌ፣ መስቀሉን ከሰባት ሰልባጅ ሹራብ በፈታሁት ቀይ፣ ጫፍ ጫፉን በቢጫ። እንዲያ ያለ ነገር ከእጄ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያየው ሁሉ አደነቀ። ጌጡ ባርኔጣውን አወለቀ። የሺ ተሳለመችው። ስንሠራና ስናደንቅ ስምንት ወር ሲያልፍ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳን፣ "ይኼ እኮ የሚረገጥ ነው" አላለም። አሁን ሳስበው እስቃለሁ። ያኔ ግን አልሳቅኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔና ጌጡ ተሸክመን ወሰድነው፤ የኔታ ሁልጊዜ ከሚቆሙበት ቦታ ዘረጋነው። ሴቶቹ እልል አሉ። የኔታ መቋሚያቸውን እየተደገፉ መጡ። ዓይናቸው ደክሟልና አቀርቅረው አዩት። ቀኝ እግራቸውን አነሱ። እግራቸው አየር ላይ ቀረ።

"ተሰማ።"

"አቤት፣ የኔታ።"

"መስቀል ላይ ቁም ነው የምትለኝ?"

እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። የኔታ እግራቸውን ወደ ድንጋዩ መለሱና ዝቅ ባለ ድምፅ "ያኔም እንዲህ ነበርክ። እጅህ ይሠራል፤ ልብህ የት እንደሚሄድ እንጃ" አሉኝ። ካህኑ አዘኑልኝ መሰለኝ "ግድ የለም፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ያምራል" አሉ። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። "ለግድግዳ አልሠራሁትም፣ ለእግር ነው!" ብዬ ጠቅልዬ ተሸክሜው ወጣሁ። ጌጡ ከኋላዬ እየሮጠ የወደቀ ባርኔጣዬን አመጣልኝ።

ቤቴ ስደርስ ቁጣዬ አልበረደም። መስቀሉን ፈትቼ በቦታው ቡላ ክር እሞላበታለሁ አልኩ፤ ቀላል ነው፣ ጫፉን ይዞ መጎተት ብቻ። ምንጣፉን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። የቀዩን ክር ጫፍ ያዝኩ። ልጎትተው አልቻልኩም። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ያዝኩት፤ አሁንም ጣቴ ቀጥ አለብኝ። የሺን ጠርቼ "አንቺ ፍቺልኝ" ብላት ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። "ጋሼ፣ እኔ መስቀል አላፈርስም፤ ሌላ ነገር ይዘዙኝ" አለችኝ። የሚረገጥ አይደለም፤ የሚፈታም አይደለም። ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወርኩት። ኪሮሹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ከሁለት ቀን በኋላ የሺ ከማዶ "ጋሼ፣ ጠረጴዛው!" ስትለኝ ጣቶቼ እንደገና ደብዳቤ እየመቱ እንደሆነ አወቅኩ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ደጃፌ ላይ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ። የኔታ ብቻቸውን፣ አሮጌ ጥቁር በርኖሳቸውን፣ ያን የበግ ጠጉር ካባ፣ ደርበው፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ቆመዋል። እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ ጫማቸውን አያለሁ።

"ግባ የሚል ሰው የለም በዚህ ቤት?" አሉ።

"ይግቡ፣ የኔታ፤ ይግቡ እንጂ።"

"ሰላም ለዝንቱ ቤት" ብለው ገቡ። ሳይቀመጡ ቤቱን ዙሪያውን ቃኙት። "ምንጣፉን ፈታኸው?"

"አልፈታሁትም። ያዝኩት፣ ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ።"

የኔታ ፊታቸው እንደ መላላት አለ። "እኔ እኮ ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነበር" አሉ። "እምቢ የሚል እጅ እንዳለህ ልሰማ።"

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። "የኔታ፣ ዋሽቻለሁ። ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ። ከመምታቴ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንጀራዬን ፈርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። "አንድ የፊደል ግድፈት አልነበረበትም። ሳይነበብ እንዲያ ተደርጎ አይጻፍም።" ሁለታችንም ሳናስበው ሳቅን፤ እኔ እያለቀስኩ ነበር የምስቀው። "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው ራሴ ላይ መስቀላቸውን አሳረፉ።

ከዚያ ምንጣፉን አውርድ አሉኝ። በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ የሺ ሚስማሩን እየያዘች፣ እኔ መዶሻውን እየመታሁ፣ የኔታ "ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ" እያሉ ሰቀልነው። ለእግር ነው እያልኩ የተቆጣሁበት ነገር ግድግዳው ላይ ሆኖ ቤቱን አበራው። የኔታ ጫማቸውን አወለቁና የቤቴ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ቆመው ጸሎት አደረሱ። ሲጨርሱ በርኖሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው እጄ ላይ ጣሉት። ትከሻው በብል ተበልቷል። "ያ ደብዳቤ የመጣ ቀን ለብሼው የወጣሁት ነው" አሉ። "ቀዳደው። ከሱ ሌላ ሥራልኝ። ጥቁር ብቻ ይሁን፤ መስቀል የለ፣ አበባ የለ። አሁንስ ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ፣ የኔታ።"

በርኖሱን ልፍታው ብል ክሩ ስለተያያዘ እምቢ አለኝ፤ በመቀስ በቀጭን በቀጭኑ ቀደድኩትና ጭረቱን እንደ ክር በኪሮሽ እየጎተትኩ አስገባሁት። ከክር ይልቅ ወፍራምና ድፍን ሆነ። በዚያው በክረምት አለቀ። የኔታ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ያ ጥቁር ምንጣፍ ግን እስከ ዛሬ ደብሩ ውስጥ አለ፤ የሚቆሙበት ተማሪያቸው የነበሩት መሪጌታ ናቸው። ባለ መስቀሉን እኔ ይዤው ወደ ደብረ ብርሃን መጣሁ፤ ልጄ ቤት በምሥራቅ ግድግዳ ላይ ነው። ኪሮሹም አልተጣለም። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ቀለበቶቹ እኩል አይወጡም፤ ለማን ግድ አለው? ሚኒባሱ ውስጥ ያገኘሁትን ገበሬ ስልኩን ተቀብያለሁ፤ ከጓሳ በኩል ልቃቂት ይልክልኛል።

ጥቁሩ ያለቀ ቀን የኔታ ሊያዩት መጡ። ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት እዚሁ ልሞክረው አሉ። ከመስቀሉ ፊት ለፊት ዘረጋሁላቸው። ጫማቸውን አወለቁ። አቀርቅረው ዳር እስከ ዳር በደከመው ዓይናቸው ፈተሹት። ረገጡት። መቋሚያቸውን ለእኔ አቀበሉኝና ዝም ብለው ቆሙ፤ ብዙ ቆሙ። እኔ እግራቸውን ነበር የማየው። አንዱንም አላነሱም።